ሳይወጣ አይቀርም

አርባ ምንጭ ያደገ ልጅ ከዋና በፊት የሚማረው ውኃ መፍራትን ነው። ከደጃችን ሁለት ሐይቅ አለ። በስተሰሜን ቡናማው አባያ፣ በስተደቡብ ጠራ ያለው ጫሞ፣ በመካከላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይ። ሴቻ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያምር አገር ያለ አይመስለውም። ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት በኩል ያለውን ዳርቻ «የአዞ ገበያ» እንለዋለን፤ እንግዳ የመጣ ሁሉ በጀልባ ሄዶ ሳያየው አይመለስም። እኔ ግን ለዘጠኝ ዓመታት ወደዚያ አላየሁም። ሴቻ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስቀመጥ እንኳ ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ነበር የምቀመጠው።

ምክንያቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ እለው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ከትምህርት ቤት መልስ ጫሞ እየወረደ ዓሣ ያጠምዳል። ቆሮሶ ሲቀናው ይሸጣል፣ አምባዛ ብቻ ከያዘ ለቤት ያመጣል። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሥራዬ ዳር ላይ ቆሜ ልብሱንና ጫማውን መጠበቅ ነበር።

ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ጋሼ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ መረቡን እየሰበሰበ ነበር። የሆነው ነገር ድምፅ አልነበረውም። ውኃው አንዴ ተገለበጠ፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ሆነ። እዚያው አካባቢ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች እየጮኹ መጡ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ይወረውራል፣ ሌላው ታንኳ ይገፋል። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አንድ አባት ግን እጃቸውን ዘርግተው ሰዉን ዝም አሰኙ። «አትረብሹ። ዓሣ አይደለም፣ ሳንባ ያለው ነው። ሳይወጣ አይቀርም። ሁላችሁም ውኃውን እዩ» አሉ።

ሁሉም ውኃውን ማየት ጀመረ። እኔም የጋሼን ጫማ ደረቴ ላይ አቅፌ መቁጠር ጀመርኩ። በትምህርት ቤት አንድ ደቂቃ ስልሳ ሴኮንድ መሆኑን ተምሬአለሁ። ስልሳ ስሞላ አንድ ጣት አጥፋለሁ። አሥሩም ጣቶቼ አለቁ፣ እንደገና ጀመርኩ። አሥራ አራተኛው ላይ ስደርስ ከጫማዎቹ አንዱ ከእጄ ሊወድቅ ሆነ። ጎንበስ ብዬ ያዝኩት። ቀና ስል ውኃው እንደቀድሞው ጠፍጣፋ ነው። ማንም ምንም አላየም። ጨለመ። ጋሼን ያገኘነው በማግስቱ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ተቀበረ።

ይህን ታሪክ የምጽፈው ስለ አዞ ክፋት ለማውራት አይደለም። ስለዚያች ጎንበስ ስላልኩባት ቅጽበት ነው። ለዘጠኝ ዓመታት አንድ ነገር አምን ነበር፦ አዞው ለመተንፈስ የወጣው እኔ ጎንበስ ባልኩ ጊዜ ነው። ዓይኔን ባልነቅል ኖሮ አያለሁ፣ እጮኻለሁ፣ ሰዎቹ ይደርሳሉ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በለቅሶው ቤት ድንኳን ተተከለ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች መጡ፣ ወንጌል ተሰበከ። ሁሉም በፍቅር ነበር የመጣው። አንድ የምንወዳቸው ሽማግሌ ጭንቅላቴን እየዳበሱ «አይዞህ፣ አታልቅስ፤ ወንድምህ ጌታ ጋ ነው፤ እኛ ተስፋ ያለን ሕዝብ ነን» አሉኝ። እውነት ነው የተናገሩት። እኔ ግን የሰማሁት «አታልቅስ» የምትለዋን ብቻ ነው። ስለዚህ አላለቀስኩም። ሰዎች «እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው!» አሉ። ጠንካራ መሆኔን ወደድኩት። በአሥራ አምስት ዓመቴ በወጣቶች ፕሮግራም ጸሎት እመራ ነበር፤ ድምፄ ከፍ ያለ ነው፣ ቃላት አያጥሩኝም። ሌሊት ግን ትንፋሽ አጥሮኝ እነቃለሁ። ላብ በላብ ሆኜ፣ ቁጥር እየቆጠርኩ።

ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ እዚያው አርባ ምንጭ ነው፤ ዓባያ ካምፓስ፣ ባዮሎጂ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ልብ ሳሉ። የሰው ልብ መስሎኝ ነበር። አራት ክፍል አለው፣ ግራና ቀኝ። ከዚያ ከቀኙ በኩል አንድ ተጨማሪ የደም ቧንቧ ሲያወጡ ዘወር ብለው «ይህ የጎረቤታችን ልብ ነው» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደብተሬን ዘጋሁ። ከክፍል ለመውጣት ተነስቼ ነበር፤ ከዚያ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያን ያህል ዓመት የቆጠርኩለትን እንስሳ አንድም ቀን አውቄው እንደማላውቅ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያነበብኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የሐይቅ ዳር ልጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁና።

አዞ እንደ ዓሣ ስንጥብ የለውም። የሚኖረው ውኃ ውስጥ ይሁን እንጂ የሚተነፍሰው እንደ እኛው ከላይ ያለውን አየር ነው። ነገር ግን ሁለቱ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ያሉት አፉ ጫፍ ላይ፣ ከሁሉ ከፍ ብለው ነው። ለመተንፈስ ራሱን ማውጣት አያስፈልገውም፤ ቀዳዳዎቹን ብቻ ከውኃው በላይ ካደረገ ይበቃዋል። ሲጠልቅ ይዘጋቸዋል። አዞ ከንፈር ስለሌለው አፉ ቢዘጋም ውኃ ይገባዋል፤ ስለዚህ ጉሮሮው መግቢያ ላይ ሌላ ሥጋዊ መዝጊያ ተሠርቶለታል። አየሩ የሚያልፈው ከዚያ መዝጊያ በስተኋላ ነው። አፉን ውኃ ውስጥ በሰፊው ከፍቶ እንኳ ሳንባው ጠብታ አይገባውም።

አተነፋፈሱም የራሱ ነው። እኛ ድያፍራም የምንለው ጡንቻ አለን፤ አዞ ግን ጉበቱን ከዳሌው አጥንት ጋር የሚያያይዝ ጡንቻ አለው። ጡንቻው ሲኮማተር ጉበቱን ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ሳንባውም ቦታ አግኝቶ ይሰፋል፤ ልክ የብስክሌት መንፊያ እጀታ ሲሳብ አየር እንደሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአዞ ዘመድ በሆኑት አሊጌተሮች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ይኸው ጡንቻ ሳንባውን ወደ ኋላና ወደ ጎን እያንሸራተተ እንስሳው ውኃ ውስጥ ሲያዘነብልና ሲገለበጥ ያግዘዋል። ለዚህ ነው ውኃ ሳያንቦጫርቅ እንደ ድንጋይ የሚሰጥመው።

ልቡ ደግሞ ከሁሉ ይደንቃል። ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ሳንባ ከሚሄደው ደም ቅዳ ሌላ፣ ወደ ሰውነት የሚመለስ አንድ ተጨማሪ ቧንቧ ይወጣል። ሁለቱን ታላላቅ ቧንቧዎች የምታገናኘውን ትንሽ ቀዳዳ ጣሊያናዊው የአካል ሊቅ ባርቶሎሜዎ ፓኒዛ የገለጻት እ.ኤ.አ. በ1833 ነው። አዞው ሲጠልቅ ወደ ሳንባ የሚወስደው በር እንደ ጥርስ በተሰካኩ ሥጋዎች ሊጠብና ደሙ ወደ ሰውነት ሊመለስ ይችላል። አዲስ አየር በሌለበት ሳንባ ደም ምን ይሠራል? የዚህ መንገድ ዋና ጥቅም ጥልቀት ነው ወይስ ምግብ መፍጨት የሚለው ዛሬም ሊቃውንቱን ያከራክራቸዋል። የልቡ ምትም ይቀንሳል፤ በደንብ ሲደነግጥ በደቂቃ ጥቂት ምት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ደሙም ቢሆን ልዩ ነው። ሰውነት ኦክስጅንን ሲጠቀም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተርፋል፤ ከእርሱም ደም ውስጥ ባይካርቦኔት ይፈጠራል። የአዞ ሄሞግሎቢን ባይካርቦኔቱ ሲጣበቅበት የያዘውን ኦክስጅን ይለቃል። ኪዮሺ ናጋይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን የአዞ ባሕርይ በሰው ሄሞግሎቢን ላይ አምጥተው አሳይተዋል። ልብ በሉ፤ የተቃጠለው ቆሻሻ ራሱ የቀረውን እስትንፋስ የሚከፍት ቁልፍ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ፣ ሰውነቱም እንደ እኛ ሙቀት ለማምረት ብዙ ስለማያቃጥል፣ አዞ በአብዛኛው ለጥቂት ደቂቃ ቢጠልቅም ሲፈራ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ትልቅ የሆነ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ የተኛ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። የባሕር ዔሊም እንዲሁ ናት። በቀይ ባሕር የምትኖረው አረንጓዴ የባሕር ዔሊ ብቅ ብላ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ አሮጌውን አየር አስወጥታ አዲሱን ትስባለች፤ ከዚያ ከታች ተኝታ ሰዓታት ልትቆይ ትችላለች። ነገር ግን ይህችው ዔሊ መረብ ከያዛትና ከታገለች ብዙም ሳትቆይ ትሰጥማለች።

አዞም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የሚታገል አዞ ጡንቻው ላክቲክ አሲድ ያመርታል፤ አሲዱ ደሙን ይመርዛል። ሲያዙ ለረጅም ጊዜ የታገሉ ትልልቅ አዞዎች ከተለቀቁ በኋላ እንኳ በዚሁ የሚሞቱ አሉ። ውኃ ውስጥ ለመቆየት ከእርሱ የበለጠ የተዘጋጀ እንስሳ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ወይ ይወጣል፣ ወይ ይሞታል።

ይህን ያነበብኩበትን ምሽት አልረሳውም። ጣቶቼን ዘርግቼ አየኋቸው። አሥራ አራት ደቂቃ! ለዚያ እንስሳ አሥራ አራት ደቂቃ ምንም አልነበረም። ምናልባት ጭራሽ አልወጣም። ከወጣም ሁለት ቀዳዳ ብቻ፣ ለጥቂት ሴኮንድ፣ እኛ ከምናይበት ርቆ፣ በዚያ በምሽት ንፋስ በሚንቀሳቀሰው ውኃ ላይ ነው የወጣው። ሃያ አዋቂ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል እያየ አላየውም። እኔ ጎንበስ በማለቴ የጠፋ ነገር አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩት ክስ ማስረጃ አልነበረውም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቁንም ተናደድኩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የሠራኸው አንተ ነህ? መዝጊያውን፣ ልቡን፣ ደሙን እንዲህ አሳምረህ ለወንድሜ ነው ያዘጋጀኸው?» አልኩ። በሕይወቴ ቃላት ሳልመርጥ የጸለይኩት የመጀመሪያ ጸሎት ይህ ነበር። መልስ አልመጣልኝም። ነገር ግን መጽሐፈ ኢዮብን ስከፍት አንድ ነገር አየሁ። እግዚአብሔር ለኢዮብ የውኃውን አስፈሪ አውሬ ያሳየዋል እንጂ ልጆቹ ለምን እንደሞቱ አይነግረውም። ከዚያ በፊት ግን ኢዮብ ለብዙ ምዕራፍ ሲያለቅስና ሲሟገት ተፈቅዶለታል፤ ልቅሶውም ከመጽሐፉ አልተፋቀም። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሳው መሆኑን እያወቀ አልቅሷል። ተስፋ ያለው ሰው አያለቅስም ያለኝ ማን ነው? ሽማግሌው እንኳ ያን ማለታቸው አልነበረም፤ የፈራሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ወሰነ ትምህርት ክፍላችን አባያ ዳርቻ ወዳለው የአዞ እርባታ ለጉብኝት ሄደ። መቅረት እችል ነበር፤ ሄድኩ። ሠራተኛው አንድ ክንድ የማይሞላ ጫጩት አፉን ይዞ አውጥቶ «ማን ይይዛል?» አለ። እጄን ዘረጋሁ። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ሆዱ በመዳፌ ላይ ነፋ አለ፣ ቆየት ብሎ ሟሸሸ፣ እንደገና ነፋ አለ። ያ ጉበቱን የሚስበው ጡንቻ ከጣቶቼ በታች ሲሠራ ተሰማኝ። የአፍንጫው ቀዳዳዎች ተከፈቱ፣ ተዘጉ። ልወደው አልቻልኩም፤ ዛሬም አልወደውም። ነገር ግን ጠላቴ አልነበረም። እስትንፋሱን ከሌላ የተበደረ፣ በየጊዜው ወደ ላይ ካላየ የማይኖር ፍጡር ነበር። እንደ እኔ።

ያን ማታ ወደ ሲቀላ፣ ወደ ቤት ሄድኩ። እማዬ ቡና አቅርባ ብቻዋን ተቀምጣለች። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። ስለ ጫማው፣ ጎንበስ ስለማለቴ፣ ስለ አሥራ አራቱ ደቂቃ ነገርኳት። ስለ አዞው ሳንባም ነገርኳት፤ ለምን ማንም ሊያየው እንዳልቻለ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ሲኒውን አስቀመጠች።

«አንተ ትቆጥር ነበር እንዴ የኔ ልጅ?» አለች። ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እኔ ነኝ ያን ቀን የላክሁት። ‹ደክሞኛል፣ ዛሬ አልወርድም› ብሎኝ ነበር። ‹ያንተን ደብተር በምን እንገዛለን?› አልኩት። ያንተን ደብተር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተማ እንዴት እነግርሃለሁ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔም እየቆጠርኩ ነው።»

እንግዲህ አንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማዕድ እየበላን፣ አብረን እየጸለይን፣ ሁለታችንም ከውኃ በታች ነበርን። ያን ማታ እናቴ አለቀሰች፤ እኔም የአሥር ዓመቱ ልጅ ማልቀስ የነበረበትን አለቀስኩ። አባዬ ከውጭ ሲገባ ደነገጠ፤ ነገሩን ሲሰማ እርሱም ከመካከላችን ተቀመጠ። ማንም «አታልቅሱ» አላለም። ከዚያ ጸለይን። ቃሉ አጭር ነበር፣ ትንፋሹ ግን ረጅም። እማዬ ተነስታ ከአልጋዋ ሥር አንድ ካርቶን አወጣች፤ የጋሼ ጫማ እዚያ ውስጥ ነበር። ያን ያህል ትንሽ መሆኑን አላስታውስም ነበር።

የተወደዳችሁ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ሁለት ነገር ልበላችሁ። አንደኛው ለሐይቅ ዳር ልጆች ነው። ውኃው ጠፍጣፋ ስለሆነ ባዶ ነው አትበሉ። ጥቂት ጠብቄአለሁ፣ ምንም አልወጣም ብላችሁ አትግቡ፤ ከእናንተ ትዕግሥት የእርሱ እስትንፋስ ይረዝማል። ሲመሻሽ ከዳር ራቁ፤ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ውኃ አትቅዱ፣ ልማዳችሁን ያጠናል። ታናናሾቻችሁንም አስተምሩ።

ሁለተኛው ለሁላችንም ነው። ከመካከላችን መጥለቅ የሚያውቅ ብዙ ነው። መድረክ ላይ እንዘምራለን፣ ፕሮግራም እንመራለን፣ «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» እንላለን፤ ከታች ግን አንድ የያዝነው ነገር አለ። ጥንካሬ መስሎን ልባችን ቀስ ብሎ እንዲመታ አስተምረነዋል። ነገር ግን ለመጥለቅ የተሠራው አውሬ እንኳ ያለ አየር የሚኖር አይደለም፤ የሚታገለውም ከራሱ በወጣ መርዝ ይሞታል። ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ለእግዚአብሔርም ሳታሳምሩ ንገሩት።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ከእማዬ ጋር ጫሞ ወረድን። ከዘጠኝ ዓመት በላይ በኋላ የመጀመሪያችን ነበር። ከዳሩ ራቅ ብለን፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ተቀመጥን። እነዚያ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አሁንም በሕይወት አሉ፤ አርጅተዋል፣ ውኃ አይገቡም፣ ከዛፍ ሥር ሆነው መረብ ይጠግናሉ። ማን መሆናችንን ሲያውቁ ተነስተው የእማዬን እጅ ያዙ። «ያን ቀን አላየሁትም። ይወጣል ብዬ ሰውን አስቆምኩ፣ እኔም ግን አላየሁትም» አሉ። እርሳቸውም ይቆጥሩ ኖሯል።

እማዬ እጃቸውን አልለቀቀችም። «ማንም አላየውም አባቴ» አለቻቸው። «ይቀመጡ፣ ልጄ ይነግርዎታል።»